ግሪኩ የውሃ አባት

መርሳ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የውሃ ጎማ የሸጠ ሰው የለም። አለሁ የሚል ካለ ጎማውን ይዞ ይምጣና እንለካካ። እስከ ዛሬ የሸጥኩት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል ከሱቄ ደጃፍ ተነስቶ ሲሪንቃን ያቋርጥና ወልድያን ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ፣ የተረፈው ቀይ ባሕር ገብቶ ዓሣ ያጠጣል። ባለቤቴ ይህን በሰማች ቁጥር «ከጎማህ የሚረዝመው ምላስህ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አሁን የምጽፈው ነገር ጥፋቱ ከዚሁ ምላስ የመጣ ነው። ድሉ ግን የጥንት ግሪኮች፣ የአንዲት ሐኪም፣ የአማቴ፣ ትንሽ ከተረፈም የእኔ ነው።

አማቴ የምለው የባለቤቴን አባት ነው። ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት የመስኖውን ቦይ የሚጠብቅ፣ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚቆርጥ፣ ገበሬው ራሱ መርጦ የሾመው ሽማግሌ ነው። ሽንኩርት የተከለውም፣ ማንጎ ያለውም እሳቸው «ክፈት» ሲሉ ይከፍታል፣ «ዝጋ» ሲሉ ይዘጋል። ከተራው ውጭ ውሃ የጠለፈ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ አካፋ ይዞ ቦይ ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ ደለል ሲጠርግ ይውላል። አማቴ የገዛ ወንድማቸውን ደለል ያስጠረጉ ሰው ናቸው። ወንድምየው እስከ ዛሬ አካፋ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

በጎማ ውሃ ማሻገር ላይ ደግሞ እኩያ የላቸውም። የቦዩን ግድብ ሳይቆርሱ ውሃ ወደ ማሳ ማውረድ ሲፈልጉ ጎማውን ቦዩ ውስጥ ነክረው ውሃ ያስሞሉታል፤ አንዱን ጫፍ በመዳፋቸው ደፍነው ከግድቡ ወዲያ ያወርዱታል። «ቢስሚላህ» ብለው መዳፋቸውን ሲያነሱ ውሃው ግድቡን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ማሳው ላይ ይንፎለፎላል። ያለ ሞተር፣ ያለ ነዳጅ። እኔ ጎማ ሻጩ ሞክሬው ጭቃ ከመጠጣት በቀር ያተረፍኩት የለም።

ታዲያ አንድ በጋ እኚህ ሰው ውሃ መጠጣት ጀመሩ። አጠጣጣቸውን ላየ ሰው የቦዩ ውሃ የሚቀንስ ይመስለው ነበር። ሲጠጡ ይውላሉ፣ የጠጡት አፍታ ሳይቆይ ይወጣል፣ ተመልሰው ይጠጣሉ። ወገባቸው ላይ ሁለቴ ይዞር የነበረው ሽርጥ ሦስቴ መዞር ጀመረ። ዶማ የነካት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ደግሞ አልድን አለች፤ ቀን በቀን እየሰፋች ሄደች። ባለቤቴ አለቅሳለሁ ብላ ስታስፈራራቸው እሺ አሉና በሚኒባስ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደም አስወሰደች፣ ሽንት አስወሰደች፣ ጣታቸውን አገላብጣ አየች።

«አባቴ፣ ስኳር አለብዎት» አለች።

«ስኳር? እኔ?» አማቴ ዞረው አዩኝ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ቡና በጨው ነው የምጠጣው።»

ስኳር በመላስ ብቻ የሚመጣ በሽታ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ቁስሉን የሚያደርቅ ክኒን፣ ስኳሩን የሚያወርድ መርፌ አዘዘችላቸው። መርፌውን ራሳቸው ሆዳቸው ላይ እንዴት እንደሚወጉ ነርሷ አሳየቻቸው፤ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸውም መድኃኒቱን በማሰሮ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንዲያስቀምጡት መከረቻቸው። ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» ብለው ሰሙ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ግን የስኳሩን ኮሚቴ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ስኳር በቀበሌ በኩል በሚዛን ሲከፋፈል አማቴ አንዱ አከፋፋይ ነበሩ። ሰው ስላመናቸው ነው ያስገባቸው። ስኳሩንም ልክ እንደ ውሃው አከፋፈሉት፤ የራሳቸውን ድርሻ እንኳ ሐዘን ላለበት ቤት ይሰጡት ነበር። የባለቤቴ እናት «የስኳር ኮሚቴ ሚስት ሆና ሻይ በመራራው የጠጣች እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ እስከ ዛሬ ያማርራሉ።

ከወልድያ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የመንደራችን ሰው ነበር፤ ማሳው ቦዩ መጨረሻ ላይ የሆነ፣ ውሃ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው የሽንኩርት ገበሬ። ከኋላ ወንበር አንገቱን አስረዝሞ፦

«ምን አሉዎት ሐኪሞቹ?» አለ።

አማቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ ደግሞ ከምችላቸው ነገሮች መካከል ዝምታ የለችም።

«ስኳር ነው አሉ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ያኔ በኮሚቴው ጊዜ ከሚዛኑ የጎደለው ስኳር ይኸው ዛሬ ተገኘ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ሆዱን ለመያዝ መሪውን ስለለቀቀ ከሲሪንቃ እስከ መርሳ መኪናው በራሱ ነው የሄደው። አማቴ ብቻ አልሳቁም። እኔ ያን ጊዜ ያላየሁት ይህንን ነው። ቀልዴን እያጣጣምኩ ነበር።

ቀልዱ ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። በሳምንቱ የሽንኩርቱ ገበሬ ያለ ተራው ውሃ ጠየቀ፤ አማቴ ከለከሉት። ሰውዬው ወደ ተሰበሰበው ገበሬ ዞሮ፦

«ስኳሩን ለብቻቸው የጨረሱ ሰው ውሃውን ለእኛ ያካፍላሉ ብላችሁ ነው?» አለ።

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ መሬት መሬት አየ። አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነካም አሉ። የባለቤቴ እናት በየጠዋቱ ማሰሮው ውስጥ ያለውን አሸዋ ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ መድኃኒቱ ይቀዘቅዛል፤ የሚወጋው ግን የለም።

ልለምናቸው ሄድኩ።

«አባባ፣ ስለ አላህ ብለው ይውሰዱ።»

«አንተ ልጅ፣ አስበህ ተናገር» አሉኝ። «ይህን መርፌ በወጋሁ ቁጥር ‹አዎ፣ በልቻለሁ› ማለቴ ነው። የሰው ሐቅ በልቼ ከሆነ አላህ ይጠይቀኝ። ያልበላሁትን ግን በመርፌ አላምንም።»

ኢማሙ መጥተው መታከም ግዴታ መሆኑን ነገሯቸው። «ሕክምናውን አልጠላሁም» አሉ ለኢማሙም። «ስሙን ነው። ሌላ ስም ያለው በሽታ ይስጡኝ፣ እታከማለሁ።»

ቁስላቸውን መርሳ የምታጥብላቸው ነርስ ግን ስም ላይ ጊዜ አላጠፋችም። የአማቴ አውራ ጣት መጥቆር ጀምራለች። «የወልድያ ቀጠሯቸው አሥር ቀን ቀርቶታል» አለችን። «እስከዚያ ስኳሩ ካልወረደ ጣቷ ትቆረጣለች። ጣቷ ብቻ ከሆነች ደግሞ ዕድለኛ ናቸው።»

ያን ቀን ባለቤቴ እራት አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «የአባቴ እግር ከተቆረጠ» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የአንተን ምላስ እኔ እቆርጠዋለሁ።» ሴትየዋ ሽንኩርት ስትከትፍ ያየ ሰው ይህ ቀልድ አለመሆኑን ያውቃል። እኔም ጠዋት የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ነበርኩ።

ሐኪሟ ክፍል ስገባ አስታወሰችኝ።

«አባትህ ደህና ናቸው? መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«ዶክተር፣ ይህ በሽታ ሌላ ስም የለውም?»

«ለምን?»

«ጨጓራ በሉት። ወገብ በሉት። ብርድ በሉት። ስኳር ብቻ አትበሉት።» ሚኒባሱንም፣ ኮሚቴውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ የባለቤቴን ቢላዋም ነገርኳት።

እየሳቀች ካርዱን አወጣችና ወደ እኔ አዞረችው። «እኔ እኮ እዚህ ላይ ስኳር ብዬ አልጻፍኩም። ይኸው፣ ዲያቤቲስ።»

«እንግሊዝኛ ነው?»

«እንግሊዞች ተዋሱት እንጂ የእነሱ አይደለም። የግሪክ ቃል ነው። ጣሊያኑም፣ ፈረንሳዩም፣ ሩሲያውም አፉ እንደሚመቸው ትንሽ ትንሽ እየለዋወጠ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። የጥንት የዐረብ ሐኪሞችም በመጽሐፋቸው ይህንኑ ጽፈዋል።»

«ግሪኮቹስ ምን ማለታቸው ነበር?»

«የሚያልፍ፣ የሚሻገር ማለት ነው። ሕመምተኛው ውሃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ አይረካም፤ ውሃው ሰውነቱ ውስጥ አይቆይም፣ ያልፋል፤ እሱም ይከሳል። የጥንት ሐኪሞች ይህን ሲያዩ በሽታውን በአንድ ዕቃ ስም ጠሩት። ከላይኛው ዕቃ ውሃ ስቦ በጠርዙ ላይ አሻግሮ ወደ ታችኛው የሚያፈስ ቱቦ አለ አይደል? ጎንበስ ያለ...» ባየር ላይ በጣቷ ሣለችልኝ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ዶክተር! ይህን እኮ እኔ ነኝ የምሸጠው!»

«ምኑን?»

«በሽታውን! ማለቴ ዕቃውን! በሜትር ነው የምሸጠው! አማቴ ደግሞ በወረዳችን በሀብሩ እሱን በማሠራት አንደኛ ናቸው!»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ። ሐኪሟ እስክቀመጥ ጠበቀችኝ። ሙሉ ስሙ ላይ በኋላ ዘመን አንድ የላቲን ቃል እንደተጨመረበትም ነገረችኝ፤ እንደ ማር የሚጣፍጥ ማለት ነው። የድሮ ሐኪሞች ሽንቱን ቀምሰው ይለዩት ነበር አለች።

«ቀምሰው?»

«ቀምሰው።»

በዚያች ደቂቃ ለሕክምና ሙያ ያለኝ አክብሮት አራት እጥፍ ጨመረ፤ ለሰላምታ የዘረጋሁትን እጄን ግን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ። ይህችን ነገር ለአማቴ እንዳልነግር ምላሴን አስማልኩት።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። «ስሙን ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ። ግሪኮቹ ስሙ ነበራቸው፣ መድኃኒቱ አልነበራቸውም፤ ሕመምተኞቻቸው ሞቱባቸው። እናንተ መድኃኒቱን አሸዋ ውስጥ ቀብራችሁ በስም ትጣላላችሁ።»

ይህን አባባሏን እስከ መርሳ ድረስ እንደ እንቁላል ይዤ ተጓዝኩ። ሲሪንቃ ላይ አንድ ሰው ሊያጫውተኝ ሞክሮ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩት።

በማግስቱ ተራ የሚቆረጥበት ቀን ነበር። ገበሬው ሁሉ ቦዩ ዳር ተሰብስቧል። አማቴ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከሱቄ ጥሩ ጎማ ቆርጬ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ መጣሁ። በሰው ፊት ያበላሸሁትን በሰው ፊት ማቃናት ነበረብኝ።

«ጀማዓ!» አልኩ። «የዚያ የስኳር ወሬ አባቱ እኔ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ለማሳቅ የፈጠርኩት ውሸት ነው። ከሚዛኑ የጎደለ ስኳር የለም። አባባ፣ በድያለሁ፤ አውፍ ይበሉኝ።»

አማቴ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ። የሽንኩርቱ ገበሬ ግን የያዘውን የሚለቅ ሰው አይደለም።

«አንተ መቼም እንደምትዋሽ እናውቃለን» አለ። «ሐኪሟ ግን ስኳር ብላለች። ሐኪም ይዋሻል?»

ጭንቅላቱ ይሠራል፤ ይህን ጥያቄ ነበር የምፈልገው። መልስ ሳልሰጥ ጎማዬን ቦዩ ውስጥ ነከርኩና አንዱን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ሳብኩ። ግማሽ ቦይ ጠጣሁ። እንቁራሪት ሳይቀር የዋጥኩ ይመስለኛል። ሰው በሳቅ ተንከባለለ። ሁለተኛ ስሞክር በአፍንጫዬ ወጣ።

«ተው! ተው አንተ!» አማቴ አላስቻላቸውም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው እያነከሱ መጡ። «ጎማ እየሸጠ በጎማ የሚሞት ሰው! አምጣ ወዲህ።» ነከሩት፣ አስሞሉት፣ በመዳፋቸው ደፈኑት፣ ከግድቡ ወዲያ አወረዱት። ውሃው ተሻገረ።

«አባባ» አልኩ ፊቴን እየጠረግሁ፣ «አሁን ጎማው ውሃ በላ ይባላል?»

«እንዴት ይበላል? ያልፍበታል እንጂ።»

«ለራሱ ምን ያህል አስቀረ?»

«ምንም። ጎማ ምን ማስቀሪያ አለው? ይልቅ ውሃው ሲቆም እሱ ነው ባዶ የሚቀር።»

«እንግዲህ የበሽታዎ ስም ይህ ነው።» የሐኪሟን ነገር አንድም ሳልጨምር፣ ወላሂ አንድም ሳልጨምር፣ ተናገርኩ። ግሪኮቹን፣ ዕቃውን፣ የሚያልፈውን ውሃ፣ ዓለም ሁሉ ተቀባብሎ የሚጠራበትን ስም። ስኳሩም ከኮሚቴ ሚዛን እንዳልመጣ፣ የማሽላ እንጀራም ሆድ ውስጥ ገብቶ በሁላችንም ደም ስኳር እንደሚሆን፣ የእሳቸው ሰውነት ግን ሊጠቀምበት ስላልቻለ ከውሃው ጋር እንደሚያልፍባቸው።

አማቴ ጎንበስ ብለው ጎማውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ግሪኩ ጥሙንስ አውቆታል?» አሉ። «አይረካም ብሏል?»

«ብሏል።»

«መክሳቱንስ?»

«እሱንም።»

«ይህ ሰው ገበሬ ነበር?»

«ሐኪም ነበር አባባ።»

«ዝም በል። ማሳ ያላጠጣ ሰው ይህን አያውቅም።» ቀና ብለው የሽንኩርቱን ገበሬ በከዘራቸው ጠቆሙት። በውሃ ክርክር ጊዜ የሚያወጡት ድምፅ ነው ያወጡት። «አንተ! ውሃ ያሳለፈ ጎማ፣ ውሃ ሰረቀ ተብሎ ይከሰሳል?»

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየ። «አይከሰስም።»

«ጮክ በል፣ ቦዩ ጫፍ ያሉት ይስሙ።»

«አይከሰስም! ጎማ ምን አጠፋ?»

«ሰማችሁ» አሉ ለሁሉም። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረው ተጣሩ። «ያን ማሰሮ አምጡልኝ!»

የባለቤቴ እናት እንዲህ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። አማቴ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ ነርሷ እንዳሳየቻቸው ለክተው፣ በሠላሳ ገበሬ ፊት ሆዳቸውን ገልጠው «ቢስሚላህ» አሉና ወጉ። አንድ ሰው «እሰይ!» አለ። ከዚያ ሁሉም። እልልታው መርሳ ገበያ ደርሶ በሬዎችን አስደነበረ ብል አታምኑኝም፤ ግን አንድ በሬ ደንብሯል።

ከዚያ በኋላ አንድ መርፌ አላሳለፉም። በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሟ ፋሻውን ፈትታ ጎንበስ ብላ አየች፣ የደሙን ውጤት አየች፣ እንደገና የእግራቸውን ጣት አየች። «አንቆርጥም» አለች። «ሥጋው እየቀላ ነው። በዚሁ ይቀጥሉ።» ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ እጄን ጨበጠችኝ። ምላሴ ነፃ መውጣቱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አማቴ ግን በዚህ አላበቁም። ክንድ የሚያህል ጎማ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ኖሯል። ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ መካከል ቆሙና፦

«ልጆቼ፣ ቀና በሉ!» አሉ። «እዚህ የተቀመጥነው ሌቦች አይደለንም። ጎማዎች ነን!»

ጎማውን እያገላበጡ ግሪኩን ተረኩላቸው። በእሳቸው አተራረክ ግሪኩ ሐኪም መሆኑ ቀርቶ ያገሩ የውሃ አባት ሆኗል፤ ሰው መርጦት፣ ሠላሳ ዓመት ተራ ቆርጦ፣ አንድ ቀን ግድብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስሙ የመጣለት። በሀብሩ በኩል ሳያልፍ አይቀርም ብለው ሲጨምሩ እኔ እንኳ አፈርኩ። ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ፣ ነጠላ ያደረጉ አንዲት እናት በአድናቆት ሰምተዋቸው፦

«ታዲያ አባቴ፣ ጎማው እንዳይቀደድብን ምን እናድርግ?» አሏቸው።

«መርፌዎን አይርሱ፣ እግርዎን ይጠብቁ። ሌላው የአላህ ነው።»

ሐኪሟ በሯ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። «ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ነው የሚሰሙት» አለችኝ። ቅናት ይሁን ደስታ አልለየሁትም። እኔ ግን ቅናት ነበር የያዘኝ፤ በቤተሰባችን ውስጥ የማጋነን ሹመት ያለ ምርጫ ተወስዶብኛል።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ አማቴ ገበሬውን ሰበሰቡ። ውሃ የጠለፈ ደለል ይጠርጋል፤ የሰው ስም ያጎደፈስ ምን ይሁን ብለው ጠየቁ።

«ደለል!» አለ የሽንኩርቱ ገበሬ ከሁሉ ቀድሞ።

«መልካም። አንተም አብረኸው ትገባለህ።»

እናም ሁለታችን አካፋ ይዘን ቦይ ውስጥ ገባን። እጄ ላይ የወጣው ውሃ የቋጠረ እብጠት ሐብሐብ ያክል ነበር። የዙህር ሶላት ሰዓት ሲደርስ አማቴ ውዱእ ሊያደርጉ መጡና ልክ ከራሴ በላይ ግድቡ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን አወለቁ፣ እጅና ፊታቸውን ታጥበው እግራቸው ላይ ደረሱ። ሁለቱም እግሮቻቸው ዓይኔ ፊት ናቸው። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጠባሳዋን ይዛ በቦታዋ አለች። አካፋዬን አቆምኩ።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«እየቆጠርኩ ነው።»

«ስንት ሆነ?»

«አሥር።»

«አልጨመርክበትም?»

«ወላሂ አባባ፣ አልጨመርኩበትም።»

ሐኪሟ እንዳዘዘቻቸው በየጣቶቻቸው መሃል በፎጣ አደረቁ፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ተነሥተው በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙና ከዘራቸውን ወደ ቦዩ ጥግ ዘረጉ።

«ያችን ዘለልካት። ጥረጋት።»